የገንዘብ ነብሮች

ትርኢቱን ያላየ የከተማ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። አንድ ወጣት የፈጠራ ሥራውን ታቅፎ በር ከፍቶ ይገባል። ፊት ለፊቱ አምስት ባለጸጎች ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ወጣቱ ስሙን ይናገራል፤ ምን ሠርቶ ለማን እንደሚሸጥ ያስረዳል፤ ይህን ያህል ገንዘብ ስጡኝና ከሥራዬ ይህን ያህል ድርሻ ውሰዱ ይላል። ከዚያ በኋላ ጥያቄው እንደ በረዶ ይወርድበታል። ባለፈው ዓመት ስንት ሸጥህ? አንዱ በስንት ይወጣልሃል? ሌላው ነገ አስመስሎ ቢሠራውስ? በመጨረሻ ወይ ተጨባብጦ ይወጣል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ። ተመልካቹም እቤቱ ሆኖ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ፣ አብሮ ይፈርዳል።

"ሻርክ ታንክ" የሚለው ስም ስለገነነ ብዙ ሰው ነገሩ የአሜሪካኖች ፈጠራ ይመስለዋል። አይደለም። ትርኢቱ የተወለደው ቶኪዮ ውስጥ ነው፤ የተወለደውም በጥጋብ ዘመን ሳይሆን የአገሩ ባንኮች በራቸውን በዘጉበት ሰሞን ነው። ይህን መነሻውን ሳያውቁ ትርኢቱን ማየት ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን እንደሞተ እንዳለመጠየቅ ያለ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃፓን በሀብት ሰክራ ነበር። የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኒኬይ በታኅሣሥ 1989 መጨረሻ 38,915 ደረሰ። የመሬት ዋጋም እንደዚሁ ተሰቀለ። የጃፓን ባንክ ብድር የሚሰጠው ሐሳብ አይቶ አልነበረም፤ መሬት አይቶ ነው። መሬት ያለው ሰው ሐሳብ ባይኖረውም ይበደራል፤ ሐሳብ ያለው ሰው መሬት ከሌለው ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ባንክ ሄዶ "መያዣህ ምንድን ነው?" ያልተባለ ነጋዴ ካለ ይንገረኝ። መሬት ዋጋው እስከናረ ድረስ ግን ሁሉም ሰላም ነበር። መሬት አይወድቅም የሚል እምነት በአገሩ ሰፍኖ ነበርና።

መሬት ወደቀ። በ1990 የአክሲዮኑ ዋጋ ተንኮታኮተ፤ የመሬቱም ተከተለ። ባንኮቹ እጅ ላይ የቀረው ዋጋው ከብድሩ ያነሰ መያዣ ነው። ለጥቂት ዓመታት ጉዱን ሸፋፍነው አቆዩት። በኅዳር 1997 ግን መሸፈኛው ተቀደደ። ሆካይዶ ታኩሾኩ የተባለው ትልቅ ባንክ ወደቀ፤ በዚያው ወር ከ100 ዓመት በፊት የተቋቋመው ያማይቺ የተባለው የአክሲዮን ደላላ ኩባንያ መዘጋቱን አስታወቀ። የያማይቺ ፕሬዚዳንት ሾሄይ ኖዛዋ በጋዜጠኞች ፊት ተነሥተው፣ ጥፋቱ የእኛ የአለቆቹ እንጂ የሠራተኞቹ አይደለም እያሉ በቴሌቪዥን አለቀሱ። ስሜትን መደበቅ እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገር አንድ የኩባንያ መሪ በአደባባይ እንባውን ሲያፈስ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ መገመት አያዳግትም። ያ ፊልም እስከ ዛሬ ድረስ በጃፓን ቴሌቪዥን ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ጃፓኖች ሁለት ቃላት አዘወተሩ። አንደኛው "ካሺሺቡሪ" ነው፤ ባንክ ለማበደር ማቅማማቱን፣ እጁን መሰብሰቡን ይናገራል። ሁለተኛው "ካሺሃጋሺ" ነው፤ ይሄኛው የተሰጠውን ብድር ጊዜው ሳይደርስ እንደ ፕላስተር ልጦ መውሰድ ማለት ነው። ማዕከላዊው ባንክ በ1999 ወለዱን ዜሮ አደረሰው። ገንዘብ በነጻ የተገኘ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን ለትንሹ ነጋዴ የሚያበድረው የለም። ይባስ ብሎ የአነስተኛ ኩባንያ ባለቤት ሲበደር በግሉ ዋስ ሆኖ መፈረም ግዴታው ስለነበር ኩባንያው ሲከስር ቤቱም አብሮ ይሄዳል፤ አጎቱ ወይም የልብ ወዳጁ ዋስ ሆኖለት ከሆነም የእነርሱ ቤት ይከተላል። በ1998 በዚያ አገር ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከ30 ሺህ በለጠ፤ ከዚያም ለ14 ዓመታት ከዚያ በታች አልወረደም። ምክንያቱ ሁሉ ዕዳ ነው ማለት አይቻልም፤ የዕዳ ድርሻ ግን ትልቅ ነበር። በ2001 አጋማሽ ሥራ አጥነት 5 በመቶ ገባ፤ መቆጠር ከጀመረበት ከ1953 ወዲህ ያልታየ ነው።

ሌላም ማነቆ ነበር። በወቅቱ በነበረው የጃፓን የንግድ ሕግ አክሲዮን ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሚሊዮን የን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ደግሞ 3 ሚሊዮን የን በካፒታልነት ማስመዝገብ ግድ ይላል። ከመሥሪያ ቤት የተቀነሰ የ30 ዓመት ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ባንክ አይሰጠውም። አባቱ ዋስ እንዳይሆነው ፈርቷል።

እንግዲህ ኒፖን ቴሌቪዥን የተባለው የግል ጣቢያ በጥቅምት 2001 "ማኔ ኖ ቶራ"፣ ማለትም "የገንዘብ ነብሮች" የተባለውን ዝግጅት ማሳየት የጀመረው በዚህ መካከል ነው። መጀመሪያ የተመደበለት ሰዓት ሰው ሁሉ የተኛበት የሌሊት ሰዓት ነበር። አስተዋዋቂው ኤይሳኩ ዮሺዳ የተባለ ተዋናይ ነው። ዕቃው ቀላል ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ባለሀብቶች፣ በያንዳንዳቸው ፊት የተደረደረ ጥሬ ገንዘብ።

ጥሬ ገንዘቡ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የትርኢቱ ነፍስ እዚያ ላይ ናትና። የጃፓን ትልቁ የገንዘብ ወረቀት ባለ 10 ሺህ የን ነው። መቶው ሲታሰር 1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 10 ሚሊዮኑ እንግዲህ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል የሚቆም ክምር ሲሆን ሚዛን ላይ ቢወጣ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። አክሲዮን ማኅበር ለማቋቋም የሚጠየቀው ካፒታል ማለት ይኸው ነው፤ አንድ ኪሎ ስኳር የሚያህል ወረቀት። ጃፓኖች ለ10 ዓመት ስለ ቢሊዮንና ትሪሊዮን የን የባንክ ዕዳ በዜና ሲሰሙ ኖረዋል፤ ያ ሁሉ ቁጥር ግን የሚታይ፣ የሚጨበጥ አልነበረም። የማታው ትርኢት ገንዘቡን ዐይናቸው ሥር አስቀመጠላቸው። ተጠቃሚው አመልካች ይህን ክምር እያየ ይናገራል፤ ባለሀብቱም ሲስማማ ከፊቱ አንሥቶ ወደፊት ይገፋለታል።

ሕጉ ጨካኝ ነበር። አመልካቹ ገና ሲጀምር የሚፈልገውን መጠን ቁርጥ አድርጎ ይናገራል። አምስቱ ሰዎች ለየብቻም ሆነ ተደማምረው ያን መጠን ካልሞሉለት አንዲት የን አያገኝም። 10 ጠይቆ 9 ቢሞላለት ባዶ ነው። ይህ ደንብ ትርኢቱ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሄድም አብሮ ተጉዟል። ሳይሳካ ሲቀር አስተዋዋቂው በእንግሊዝኛ ቃላት የተሰካካች አንዲት የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ "ያለ ገንዘብ ተፈጸመ" እንደማለት ነች። ሐረጊቱ በአገሩ መተረቻ ሆና ቀርታለች።

ነብር መባላቸው ለምንድን ነው? (የእኛ ነብር ዥጉርጉሩ ነው፤ የእነርሱ ባለ ሸንተረሩ። ለሁለቱም ያለን ስም ግን አንድ ነው።) ጃፓኖች ሰው በስስት የሚያስቀምጠውን ጥሪት "ቶራ ኖ ኮ" ይሉታል፤ የነብር ግልገል ማለት ነው። ነብር ለግልገሏ የምትሳሳውን ያህል የሚሳሳለት ገንዘብ መሆኑ ነው። ከቻይና የወረሱትም ተረት አላቸው፤ ነብሩ ዋሻ ሳይገቡ ግልገሉ አይገኝም ይላል። ርዕሱን የሰማ ጃፓናዊ እነዚህ ሁለቱ ትዝ ሳይሉት አይቀሩም።

ነብሮቹ የድሮ የጃፓን ባለጸጋ ዓይነት አልነበሩም። ከትላልቆቹ ኩባንያዎች የመጣ ግራጫ ልብስ የለበሰ ሥራ አስኪያጅ አልነበረባቸውም። ኩይቺሮ ሆሪኖውቺ ከአርባ በላይ ሥራ ሞክረው ከስረው፣ ቤት አልባ ሆነው ጎዳና ላይ አድረው፣ ኋላ ሰው የጣለውን ዕቃ እየጠገኑ በመሸጥ የአሮጌ ዕቃ መደብሮች ባለቤት የሆኑ ሰው ናቸው። ታትሱኪ ናንባራ የውጭ አገር መኪና አስመጪ ነበሩ። የምግብ ቤት ባለቤቶች ነበሩባቸው። ባንኩ ቀድሞ "መያዣህ የታለ?" ብሎ የመለሳቸው ዓይነት ሰዎች አሁን በባንኩ ወንበር ላይ ተቀመጡ ማለት ይቻላል። ጥያቄያቸውም የባንክ ጥያቄ አልነበረም። ስለ ድርሻና ስለ መቶኛ የሚደረገው ክርክር እምብዛም ነው። የሚመረምሩት ሰውየውን ነው፤ እንዴት እጅ እንደነሣ፣ ምን እንደለበሰ፣ ስንት ዓመት አንድ ሥራ ላይ እንደቆየ፣ የራሱን ጥሪት ስንት እንደጨመረበት። አንዳንዱን ይቆጡታል፣ ይጮሁበታል። እኛ ደጅ ጥናት የምንለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ ደጅ ጠኚው የሚጠናው ደቂቃዎች ብቻ መሆኑና አገር ሙሉ ሕዝብ በመስኮት የሚያይ መሆኑ ነው። ለእኔ ይህ የውርደት ጎን አለው፤ ቢሆንም ባንኩ በር ላይ ማንም ሳያየው የተመለሰው ሰው የደረሰበት ውርደት ይቀል ነበር ብዬ አልከራከርም።

ዝግጅቱ በመጋቢት 2004 አበቃ። ከዚያ በፊት በየካቲት 2003 መንግሥት ለአዳዲስ ሥራ ፈጣሪዎች ልዩ ፈቃድ ሰጥቶ በ1 የን ካፒታል ኩባንያ ማቋቋም ይቻላል አለ፤ በ2006 በሥራ ላይ የዋለው የኩባንያዎች ሕግ ደግሞ ዝቅተኛውን የካፒታል ግዴታ ጨርሶ አነሣው። ሕጉን ትርኢቱ አስለወጠው የሚል ማስረጃ የለኝም። ሁለቱን የወለደው ችግር ግን አንድ ነው።

ሐሳቡ የሶኒ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ወደ ውጭ መሸጥ ጀመረ። እንግሊዝ ገዛችው፤ ቢቢሲ ሁለተኛው ጣቢያ ጥር 4 ቀን 2005 "ድራጎንስ ዴን"፣ "የዘንዶዎች ዋሻ" ብሎ አቀረበው። አውሬው ዘንዶ የሆነው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቢኖር የእንግሊዝ አገር ጠባቂ ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑን ያስታውስ፤ ዘንዶ ገዳዩን ሰማዕት ከእኛ ጋር ይጋሩታል። እዚህ ግን ዘንዶው ነው የሚፈርደው። አስተዋዋቂው ኢቫን ዴቪስ የተባለ የኢኮኖሚክስ ጋዜጠኛ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ትርኢቱ ይቀረጽ የነበረው በአንድ የለንደን መጋዘን ፎቅ ላይ ስለነበር አመልካቹ ደረጃ ወጥቶ፣ ትንፋሹ ተቆራርጦ ነው ንግግሩን የሚጀምረው።

እንግሊዞች ያመጡት ዋናው ለውጥ ግን ድርሻውን ነው። ጃፓኖች ሰውየውን ሲመረምሩ እንግሊዞቹ ስለ መቶኛው ተከራከሩ። "50 ሺህ ፓውንድ እሰጣለሁ፣ ግን 20 በመቶ ሳይሆን 40" የሚለው ዓይነት ግብይት የትርኢቱ እምብርት ሆነ። ተመልካቹም ሳይታወቀው ሒሳብ ተማረ፤ 10 በመቶውን በ100 ሺህ የሚሸጥ ሰው ድርጅቴ 1 ሚሊዮን ያወጣል ማለቱ እንደሆነ የማያውቅ የለንደን ታክሲ ነጂ ጠፋ። አንዱ ዘንዶ ደንከን ባናታይን ንግድ የጀመሩት በ450 ፓውንድ በገዙት የአይስክሬም መኪና ነው። ይህን የመሰለ ሰው ስለ ሌላው ሰው ትንሽ ንግድ ሲጠይቅ ጥያቄው ይቆነጥጣል።

ከዚያ ዋሻ ከወጡት ሁሉ ስማቸው የገነነው ሌቪ ሩትስ ናቸው። ጃማይካ ተወልደው ለንደን ያደጉ፣ ዘፋኝ የሆኑ፣ በኖቲንግ ሂል የካርኒቫል በዓል ላይ የራሳቸውን ቀይ ማባያ ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው። በየካቲት 2007 ጊታራቸውን ይዘው እየዘፈኑ ገቡ። 50 ሺህ ፓውንድ ጠየቁ፤ በምላሹ 20 በመቶ ሊሰጡ። ሒሳቡ ላይ ተደናገሩ፤ አለኝ ያሉትን ትእዛዝ በሚሊዮን ጠሩት፤ ወረቀቱ ሲታይ በሺህ ሆነ። በጃፓን ቢሆን ኖሮ ያለ ገንዘብ ተፈጸመ ይባሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ግን ሁለት ዘንዶዎች፣ ፒተር ጆንስና ሪቻርድ ፋርሊ፣ 40 በመቶ ወስደው ገንዘቡን ሰጡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሴንስበሪስ የተባለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ማባያውን መደርደሪያው ላይ አወጣው፤ ከዚያም በመላ አገሪቱ ተቸበቸበ።

ሰውየው ስለ ማባያው ሲያወሩ አሠራሩን ከአያታቸው እንደተማሩት ይናገሩ ነበር። በ2011 ሁለት ሰዎች የአሠራሩ ባለቤት እኛ ነን ብለው ከሰሷቸው። ፍርድ ቤቱ ለሌቪ ሩትስ ፈረደ። በክርክሩ መካከል ግን እሳቸው ራሳቸው የአያትየው ታሪክ ለገበያ ሲባል የተበጀ መሆኑን አመኑ። እዚህ ላይ ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። ትርኢቱ የቱን ያህል ታሪክ እንደሚወድ ለማሳየት ነው። ቴሌቪዥን ማባያ መቅመስ አይችልም፤ የሚያየው አያትን፣ ጊታርን፣ እንባን ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየአገሩ ወደ ዋሻው የገባው ሰው ሁሉ ስለ ዕቃው ከማውራቱ በፊት ስለ እናቱ ማውራቱ በአጋጣሚ አይደለም።

ተቃራኒውን ደግሞ በ2006 ሮብ ሎው ላይ የደረሰው ያሳያል። ሕፃን ልጅ እንደ ፈረስ ተቀምጦ የሚጎተትባት "ትራንኪ" የተባለች የጉዞ ሻንጣ ይዘው ቀረቡ፤ 100 ሺህ ፓውንድ በ10 በመቶ። ከዘንዶዎቹ አንዱ ቴዎ ፓፊቲስ ማንገቻዋን ጨብጠው ጎተቱት፤ ማያያዣው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ስለ ሻንጣዋ ምንም ቢባል የሚሰማ አልነበረም። አንዱ ዘንዶ ያንኑ ገንዘብ ለግማሹ ድርሻ እሰጣለሁ አሉ፤ ሎው እምቢ ብለው ወጡ። ትራንኪ በኋላ በየአውሮፕላን ማረፊያው የምትታይ ሆነች። እንዳየነው በቴሌቪዥን ፊት የተበጠሰች ማንገቻ የ10 ገጽ ጥናት ትረታለች፤ ገበያ ግን ማንገቻዋን አጥብቆ መስፋት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አሜሪካ የደረሰው በነሐሴ 2009 ነው። ማርክ በርኔት የተባሉት አዘጋጅ ለኤቢሲ ጣቢያ ሠሩት፤ "ሻርክ ታንክ" አሉት። ታንኩ የጦር ታንክ አይደለም፤ የውሃ ገንዳ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አራጣ አበዳሪን "ሎውን ሻርክ" ይሉታል፤ ስሙ ከዚያ የራቀ አይመስለኝም። (እስራኤሎች ግን በ2006 የራሳቸውን ቅጂ ሲሠሩ "ሻርኮቹ" በማለት ቀድመዋቸዋል።) ዘመኑን ልብ ይሏል። ሌማን ብራዘርስ የከሰረው በመስከረም 2008 ነው። የአሜሪካ ባንኮች በተራቸው እጃቸውን ሰብስበው ነበር፤ ጃፓኖቹ ካሺሺቡሪ ያሉት ነገር ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር። እርግጥ እንግሊዝ በ2005 ስትጀምረው ቤትና መሬት የሚናርበት ዘመን ነበረና ትርኢቱ የግድ ከችግር ጋር ብቻ ይጓዛል ማለት አይደለም። ቶኪዮና አሜሪካ ላይ ግን ጊዜው ገጥሟል።

አሜሪካኖች ግን አንድ ነገር በግልጽ ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ትርኢቱ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚፈርመው ውል ነበር። ገንዘብ አገኘም አላገኘም፣ ከኩባንያው 5 በመቶ ድርሻ ወይም ከትርፉ 2 በመቶ የአዘጋጁ ድርጅት ነው ይላል ውሉ። ባዶ እጁን፣ ተሰድቦ የወጣውም ጭምር ይከፍላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከትርኢቱ ሁሉ እውነተኛው ወረቀት ይሄ ነው። ጣቢያው የሚሸጠውን ያውቃል ማለት ነው። የሚሸጠው የባለጸጎቹን ገንዘብ አይደለም፤ ሚሊዮኖች የሚያዩትን 10 ደቂቃ ነው፤ ለዚያም ዋጋ ቆረጠለት። በ2011 ገደማ ከሻርኮቹ ጋር የተቀላቀሉት ማርክ ኪውባን ይህ ውል እያለ ጠንካራ ነጋዴ አይመጣም፣ እኔም አልቀጥልም ብለው ተከራከሩ፤ በ2013 ውሉ ተሰረዘ።

ዋጋው ትክክል እንደነበር የሚያሳየው የጄሚ ሲሚኖፍ ነገር ነው። በዚያው በ2013 ከስልክ ጋር የተያያዘ የበር ደወል ይዘው ቀረቡ፤ ደጅ ላይ የቆመውን ሰው ባለቤቱ የትም ሆኖ በስልኩ ያየዋል። 700 ሺህ ዶላር በ10 በመቶ ጠየቁ። ከአንድ ሻርክ በቀር ሁሉም ወጣን አሉ። ኬቨን ኦሊሪ ገንዘቡን በብድር መልክ፣ ከሽያጩ እየተቀነሰ የሚመለስ፣ ከዚያም በኋላ የማይቋረጥ ክፍያና ድርሻ ያለው አድርገው አቀረቡት። ሲሚኖፍ እምቢ ብለው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ትርኢቱ ሲተላለፍ ግን ደወሉ በሰፊው ተሸጠ። በ2018 አማዞን "ሪንግ" ተብሎ የተሰየመውን ኩባንያ ገዛው፤ ዋጋው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። በዚያው ዓመት ሲሚኖፍ በእንግድነት ሻርክ ሆነው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

በሌላ በኩል እጅ የተጨባበጠውም ሁሉ ገንዘብ አላገኘም። መጨባበጡ ከካሜራ ፊት የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠበቆችና ሒሳብ አዋቂዎች መዝገብ ያገላብጣሉ። ፎርብስ መጽሔት በ2016 ከሻርኮቹ ጋር የተስማሙትን ነጋዴዎች ሲጠይቅ አብዛኞቹ በቴሌቪዥን የተነገረውን ውል እንዳለ አላገኙትም፤ ጥቂት የማይባሉትም ምንም አላገኙም። ተመልካቹ ግን ያየው መጨባበጡን ነው።

ከዚያ በኋላ ትርኢቱ ያልሄደበት የለም። ካናዳ በ2006፣ ናይጄሪያ በ2008፣ ጀርመን በ2014፣ ኬንያ በ2016፣ ሕንድ በ2021። ጀርመኖችና ኬንያውያን አውሬውን አንበሳ አድርገውታል። በአገራችንም የሥራ ፈጠራ ውድድሮች በቴሌቪዥን ቀርበዋል፤ እነርሱ ራሳቸውን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልጉ አልገባበትም።

አውሬዎቹስ ምን ሆኑ? ሬቸል ኤልኖ ከመጀመሪያዎቹ አምስት የእንግሊዝ ዘንዶዎች ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። ለስጦታ የሚሆኑ የመዝናኛና የጉዞ ቀጠሮዎችን የሚሸጥ "ሬድ ሌተር ዴይስ" የተባለ ድርጅት በወጣትነታቸው መሥርተዋል። በነሐሴ 2005፣ ትርኢቱ በጀመረ በስምንተኛው ወር፣ ድርጅቱ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ወደቀ። የተረፈውን የገዙት አጠገባቸው ይቀመጡ የነበሩት ፒተር ጆንስና፣ ወደ ዋሻው ሊገቡ የነበሩት ቴዎ ፓፊቲስ ናቸው። ኤልኖም ብዙ ሳይቆዩ ወንበሩን ለቀቁ።

በጃፓንም እንደዚሁ። መኪና አስመጪው ናንባራ ንግዳቸውን ያሠሩት በእንግሊዙ የሮቨር መኪና ላይ ነበር፤ ሮቨር በሚያዝያ 2005 ሲወድቅ በቶኪዮ ከባድ ዕዳ ተቆለለባቸው፤ ከዚያ ተነሥተው እንደገና ነገዱ። ጎዳና ላይ አድረው የነበሩት የሆሪኖውቺ የአሮጌ ዕቃ መደብሮችም ትርኢቱ ካበቃ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰሩ። በተራ የቴሌቪዥን ማታ ገንዘባቸውን ከፊታቸው ደርድረው "ሒሳብህ አይገጥምም" ይሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ማታ ማታ ፊታቸው ቆመው የተቆጡት አመልካቾች ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ የጻፈ የለም።

ከቀድሞዎቹ ነብሮች አንዱ የነበሩት ዮሺያኪ ኢዋይ ትርኢቱን በዩቲዩብ እንደገና አስነሡት። ጣቢያም፣ ሶኒም አላስፈለጋቸውም። ስሙን "የሬይዋ ነብር" አሉት፤ ሬይዋ በግንቦት 2019 ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ ዙፋን ሲወጡ የጀመረው ዘመን መጠሪያ ነው። ኢዋይ በ2024 በሕመም ሞቱ፤ ትርኢቱን ሌሎች ቀጥለውበታል። አመልካቹ ዛሬም ገብቶ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣና መጀመሪያ የሚፈልገውን መጠን ይናገራል።